ሠላሳ ስምንት ሚሊ ሜትር

ኤም ጂ ቢ የተባለችው የእንግሊዝ ስፖርት መኪና ሁለት ቁመት አላት። እ.አ.አ. በ1962 ለገበያ ስትወጣ ደረቷን ለመሬት ያስጠጋች፣ ፓራውልቷ በክሮም የሚያብረቀርቅ ነበረች። ከ1974 መገባደጃ ጀምሮ ከአቢንግደን ፋብሪካ የወጡት ግን ጥቁርና ደንዳና የጎማ ፓራውልት ተገጥሞላቸው፣ ከታላላቆቻቸው 38 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ብለው የቆሙ ናቸው። ልዩነቱ የሁለት ጣት ስፋት ቢሆን ነው። የጥንት መኪና ወዳጆች ግን ይህችን ሁለት ጣት መልሰው ለማውረድ ብዙ ገንዘብና ብዙ ቅዳሜ ያጠፋሉ። መኪና ዝቅ ማድረግ ምን እንደሆነ ለመረዳት ከኤም ጂ ቢ የተሻለ መማሪያ ማግኘት ይከብዳል፤ ፋብሪካው ራሱ ሥራውን ገልብጦ ሠርቶ፣ ያው መኪና ከፍ ሲል ምን እንደሚሆን በገሃድ አሳይቷልና። ከዚያ የሚገኘው ትምህርት እንደሚመስለኝ ይህ ነው፤ ከመሬት ያለውን ርቀት ብቻ የሚቀንስ ሠራተኛ መኪናውን ሊጎዳው ይችላል፣ የእግሩን፣ ማለትም ጎማውን የሚይዙትን ክንዶች፣ ማዕዘን ጠብቆ የሚያወርድ ግን ይጠቅመዋል።

ከፍታው የመጣው ከአሜሪካ ነው። በ1973 ሞዴል የጀመረው የአሜሪካ ደንብ፣ የፊት ፓራውልት በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የሚመጣን ግጭት ሌላ የደኅንነት ዕቃ ሳይጎዳ እንዲችል አዘዘ። ቀጥሎ ደግሞ የአንዱ መኪና ፓራውልት ከሌላው ጋር ፊት ለፊት እንዲገናኝ፣ ከመሬት ከ40 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ባለው ከፍታ ላይ በሚደረግ ፍተሻ ማለፍ ግድ ሆነ። የኤም ጂ ቢ ትልቁ ገበያ አሜሪካ ነበር። ዲዛይኑ በዚያን ጊዜ አሥራ ሁለት ዓመት ያለፈው ሲሆን፣ ባለቤቱ ብሪቲሽ ሌይላንድም የሚተካት አዲስ ኤም ጂ ወደ ገበያ አላወጣም። ስለዚህ ያለችውን መኪና አነሷት። ከፊት፣ እግሯን የሚሸከመው አግዳሚ ብረት ተቀይሮ ቦዲው ከበላዩ ከፍ አለ፤ ከኋላ ይበልጥ የጎበጡ ባሌስትራዎች ገቡ። በዚያው ሰሞን፣ ግራና ቀኝ ጎማን እያያያዘ መኪናዋ እንዳታዘነብል የሚከላከለው የፊት ዘንግ ከክፍቷ ሞዴል መደበኛ ዕቃነት ወጣ። ውጤቱን በጠመዝማዛ መንገድ ላይ የነዳት ሁሉ አወቀው፤ ፈጥና ታዘነብላለች፣ መሪውም ዳተኛ ነው።

ጉዳቱ ምን ያህል ነው? ግምታዊ ሒሳብ እንሥራ። መኪናዋ 1,000 ኪሎ ግራም ትመዝን፣ በግራና በቀኝ ጎማዎቿ መካከል 1.25 ሜትር ይኑር፣ የክብደት ማዕከሏም ከመሬት 50 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል። የስበትን 70 በመቶ የሚያህል የጎን ግፊት በሚፈጥር ኩርባ ላይ 280 ኪሎ ግራም የሚሆን ጭነት ከውስጥ ጎማዎች ወደ ውጭ ጎማዎች ይሻገራል። ማዕከሉን 38 ሚሊ ሜትር ብናወርደው የሚሻገረው ወደ 259 ይቀንሳል። ጎማ የመቆንጠጥ አቅሙ በተጫነው ልክ ስለማያድግ፣ ጭነቱ ለአንዱ ወገን ባደላ ቁጥር አራቱ ጎማዎች በድምሩ የሚይዙት ያንሳል። እንግዲህ 21 ኪሎ ግራም ትርፍ ነው። ግን ከስምንት በመቶ አይሞላም። መኪናውን ዝቅ አድርጎ «የእሽቅድምድም መኪና ሆነልኝ» የሚል ሰው ከዚህ ቁጥር ጋር ቢተዋወቅ ጥሩ ነው።

ትርፉ ይህን ያህል ልከኛ ከሆነ፣ መኪናው በተሳሳተ መንገድ ሲወርድ የሚመጣው ኪሳራ በቀላሉ ይውጠዋል። በጣም ርካሹ መንገድ ሞላውን ቆርጦ ማሳጠር ነው። የሞላ ጥንካሬ ከጥምዝምዙ ቁጥር ጋር በግልባጭ ስለሚሄድ፣ ስምንት ጥምዝምዝ ከነበረው አንዱ ቢቆረጥ ቀሪው 14 በመቶ ያህል ይጠነክራል። ይህ ራሱ አይከፋም፤ እንዲያውም ያስፈልጋል። መኪናው ሲወርድ ጎማው ወደ ላይ የሚንቀሳቀስበት ቦታ ይጠባልና። ያው ጉድጓድ የሚሰጠውን ምት በግማሽ ርቀት ለመዋጥ ግን በግርድፉ አራት እጥፍ የጠነከረ ሞላ ይጠይቃል። 14 በመቶ የት፣ አራት እጥፍ የት! ቀሪውን ምት የሚቀበለው መቆሚያው ላስቲክ፣ ከዚያም ቦዲው፣ ከዚያም የነጂው ወገብ ነው። ከዚህ ሌላ፣ ያለ ልክ ያጠረ ሞላ ጎማው ሲንጠለጠል ከመቀመጫው ሊለቅ ይችላል።

ከሞላው ይልቅ የሚያሳስበው ግን የክንዶቹ ነገር ነው። የኤም ጂ ቢ የፊት ሾክ አብዞርበር እንደ ዛሬዎቹ ቱቦ አይደለም፤ ዘይት የያዘ የብረት ሣጥን ነው፣ ከሣጥኑ የወጣው ክንድም ራሱ የላይኛው የጎማ ክንድ ሆኖ ይሠራል። የላይኛውና የታችኛው ክንድ ያላቸው ማዕዘን፣ ቦዲው ሲያዘነብል የሚዞርበትን ምናባዊ ነጥብ ይወስናል። ሞላው አጥሮ ክንዶቹ ጫፋቸውን ወደ ላይ ሲያቀኑ ይህ ነጥብ ከክብደት ማዕከሉ በበለጠ ፍጥነት ይወርዳል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት፣ ማለትም ቦዲውን የሚያዘነብለው ጉልበት የሚሠራበት ዘንግ፣ ይረዝማል። ዝቅ ያለች መኪና ይበልጥ ልታዘነብል የምትችለው በዚህ ምክንያት ነው። የመሪው ዘንጎችና ክንዶቹ በአንድነት መወዛወዛቸውን ካጡም፣ ጎማው ጉድጓድ ሲመታ ነጂው ሳያዝዘው ራሱ ይዞራል። የጎማ ፓራውልት ባላት ኤም ጂ ቢ ላይ ግን ሌላ መንገድ አለ። ፋብሪካው ያነሳት አግዳሚውን ቀይሮ ስለሆነ፣ የቀድሞውን ዓይነት አግዳሚ መልሶ መግጠም ክንዶቹን ሳይነካ ቦዲውን ያወርዳል። መሪው የተሰካው በአግዳሚው ላይ ነውና የመሪውን ዘንግ አቅጣጫ ማረቅ ይጨመርበታል። ሥራው ከባድ ነው፤ ሞላ መቁረጥ የአንድ ከሰዓት ጉዳይ ሆኖ ሳለ ይህኛው ሞተሩን በክሬን መደገፍ ሊጠይቅ ይችላል።

የኋላው እግር ቀላል ይመስላል። (ሞላም ባሌስትራም ወደ ጋራዦቻችን የገቡት ከጣሊያንኛ ነው፤ እዚያ ባሌስትራ የቀስት መወርወሪያም ስም ነው፣ ጎባጣነቱን ላየ አያስደንቅም።) በአክሱሉና በባሌስትራው መካከል የብረት ቁራጭ ማስገባት ቁመቱን ይቀንሳል፤ ቁራጩ ግን ሞተሩ በኃይል ሲጎትት አክሱሉ ባሌስትራውን የሚጠመዝዝበትን ክንድ ያረዝማል። ጉብጠቱ የቀነሰ ባሌስትራ መግጠም ከዚህ ይሻላል። በኩርባ ላይ የውጭው ባሌስትራ ተዘርግቶ ሲረዝም፣ የውስጡ ሲያጥር፣ አክሱሉ ራሱ በጥቂቱ ይዞራል፤ ከፍ ያለችው ሞዴል ከኋላ የምትቅበዘበዘውም በከፊል በዚህ ነው።

ጠንካራው ተቃውሞ ከፋብሪካው ታሪክ ይነሣል። በ1976 አቢንግደን ለኤም ጂ ቢ ከፊት የወፈረ ማዘንበልን የሚከላከል ዘንግ፣ ከኋላም አዲስ ዘንግ ገጠመላት፤ አንዲት ሚሊ ሜትር ሳትወርድ አያያዟ በግልጽ ተሻሻለ። ታዲያ ማውረዱ ለምን? እውነት ነው፣ ገንዘቡ ለአንድ ሥራ ብቻ የሚበቃው ሰው ዘንጉን ያስቀድም። ይሁንና ዘንግ ማዘንበልን ይቀንሳል እንጂ ወደ ውጭ ጎማዎች የሚሻገረውን ጭነት በድምሩ አይቀንስም፤ ያን የሚቀንሰው ቁመት ነው። ሌላው ተቃውሞ የታሪክ ጠባቂዎች ነው፤ ከፍታውም የመኪናዋ ታሪክ ነውና አይነካ ይላሉ። ለሙዚየም መኪና አልከራከርም። ለሚነዳ መኪና ግን ከሁለቱ ቁመቶች በመንደፊያ ሰሌዳ ላይ ለመንገድ አያያዝ ተብሎ የታሰበው የ1962ቱ ነው፤ የወለቀው ዕቃ ተጠቅልሎ ከተቀመጠም የሚጠፋ ታሪክ የለም። ከ1962ቱ ቁመት በታች ለሚወርድ ሰው ግን ይህ መልስ አይሠራለትም።

ሥራው ሲያልቅ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ አንድ ነገር ይቀራል። የክንዶቹ ላስቲክ ቦኮላዎች መኪናዋ በክሪክ ተንጠልጥላ እያለ ከጠበቁ፣ መሬት ስትነካ ተጠምዝዘው ይቀራሉ፤ ቁመቷን በሐሰት ያሳያሉ፣ ቶሎም ይቀደዳሉ። ብሎኖቹ የሚጠብቁት አራቱም ጎማ መሬት ከያዘ በኋላ ነው። ከዚያ ጥቂት ኪሎ ሜትር ተነድታ ሞላውና ባሌስትራው ቦታቸውን ሲይዙ፣ ከጎማው መሐል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ በአራቱም ማዕዘን ይለካል፤ የፊት መብራቶቹም እንደገና ይስተካከላሉ።