ሰነድ አረጋጋጩና «ጠቅላላ» ውክልና

አዲስ አበባ ውስጥ ቤት የሸጠ፣ መኪና የገዛ ወይም ውክልና የሰጠ ሰው «ውልና ማስረጃ»ን ያውቃል፤ ወረፋውንም አይረሳም። ሰነድ አረጋጋጩን ግን ብዙው ሰው የሚያየው እንደ ማኅተም መቺ ነው፤ ጥያቄ ሲያበዛበት «ቢሮክራሲ!» ብሎ ያማርራል። እኔ ከሕግ ባለሙያዎች ሁሉ ምስጋና የተነፈገው ማን ነው ብባል የምጠራው እሱን ነው። ዳኛ ሰዎችን የሚያገኛቸው ከተጣሉ በኋላ ነው፤ አረጋጋጩ ግን ገና ሳይጣሉ ያገኛቸዋል።

ሥራው ባጭሩ ይህ ነው፦ የፈራሚውን ማንነት ያጣራል፣ ለመፈረም ችሎታና መብት እንዳለው ያያል፣ ፊት ለፊቱ ያስፈርማል፣ ቲተርና ማኅተም ያሳርፋል፣ አንዱን ቅጂ መዝግቦ ያስቀራል። በአዋጅ ቁጥር 922/2008 መሠረት የሰነዱ ይዘት ከሕግና ከሞራል ጋር አለመጋጨቱን ማረጋገጥም አለበት፤ የሕግ ትምህርት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። አሜሪካ በአብዛኞቹ ግዛቶች ኖተሪ ለመሆን የሕግ ዲግሪ አይጠየቅም፤ ኖተሪው በዋናነት የሚያየውም መታወቂያና ፊርማ ነው። ከዚያ የመጡ ወገኖቻችን «ይዘቱ ምን አገባው?» ቢሉ አይገርምም።

የጋብቻ ማስረጃ አምጡ ሲባል የሚቆጣም አለ። የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ የጋራ ቤትን አንዱ ተጋቢ ብቻውን እንዳይሸጥ ስለሚከለክል እንጂ አረጋጋጩ የሰው ትዳር ውስጥ መግባት አምሮት አይደለም።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልምጣ። «ጠቅላላ ውክልና ሰጥቼዋለሁ፤ ያሻውን ማድረግ ይችላል» ሲባል ስንቴ ሰምታችኋል? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ እንዲህ አይልም። በአንቀጽ 2204 መሠረት በጠቅላላ አነጋገር የተሰጠ ውክልና የሚያገለግለው ለአስተዳደር ሥራ ብቻ ነው፦ ንብረት መጠበቅ፣ ገንዘብ መሰብሰብ፣ ዕዳ መክፈል፣ ከ3 ዓመት ላልበለጠ ጊዜ ማከራየት። ቤት መሸጥና በመያዣ መስጠት፣ ስጦታ ማድረግ፣ በፍርድ ቤት መከራከር በአንቀጽ 2205 ልዩ ሥልጣን ይጠይቃሉ። ስለዚህ ወሳኙ ከላይ በደማቁ የተጻፈው ርዕስ ሳይሆን ከሥሩ የተዘረዘረው ነው።

ችግሩ ዝርዝሩን ማንም አያነበውም። በር ላይ ያለው ጸሐፊ ኮምፒውተሩ ውስጥ ያስቀመጠውን ቅጽ አውጥቶ ስም ብቻ ይለውጣል፤ «እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ፣ በዋስትና እንዲያስይዝ» የሚለው ሁሉ እንዳለ ይወጣል። አንድ ቀን ወረፋ ስጠብቅ አንዲት እናት ለእህታቸው ልጅ ውክልና ሊሰጡ ቀረቡ። አረጋጋጩ ወረቀቱን አንብቦ ቀና አለ።

«እማማ፣ ቤትዎን ይሽጥልኝ ብለዋል?»

«ምን ሲደረግ! ኪራዩን ይቀበልልኝ ነው እንጂ ያልኩት።»

ልጁ «ጸሐፊው ነው የጻፈው» አለ። ምናልባት እውነቱን ይሆናል። አረጋጋጩ ሳይቆጣ ሁለት መስመሮች በጣቱ አሳያቸውና እነዚህን አስወጥተው ይመለሱ አላቸው። ከኋላ የተሰለፍነው ግን አጉረመረምን፤ የአንድ ሰው ቤት ከመሸጥ የተረፈው ዓይናችን እያየ መሆኑ አልታየንም።

ሌላም አለ። አባት ካረፈ በኋላ በአባት ውክልና መኪና ለመሸጥ የሚሮጡ ልጆች አሉ። ሌላ ስምምነት ከሌለ በስተቀር ወካዩ ሲሞት ውክልናው ያበቃል፤ የሚያስፈልገው የወራሽነት ማስረጃ ነው። ከተወካዩ ጋር ተጣልቶ ወረቀቱን ቀዶ የሚገላገል የሚመስለውም ተሳስቷል፤ ቅጂው መዝገብ ቤት አለ፣ ተወካዩም እጅ ይኖራል። ውክልና የሚሻረው እንደ አሰጣጡ ቀርቦ በመፈረም ነው።

ከዓመታት በፊት ውክልና ሰጥታችሁት አሁን የማትገናኙት ሰው ካለ፣ በዚህ ሳምንት ሄዳችሁ ሻሩት፤ መሻሩንም በጽሑፍ አሳውቁት።