የተቈረጠ ቀንና የዘገየ ሸቀጥ፤ የአንድ የባሕር ወንበዴዎች ጨዋታ የገበያ ታሪክ

ነጋዴ ለደንበኛው ከሚሰጠው ነገር ሁሉ አስቀድሞ የሚሰጠው ቃሉን ነው። ዕቃው ገና በመርከብ ላይ ሳለ፥ አንዳንድ ጊዜም ከፋብሪካ ሳይወጣ፥ «በዚህ ቀን ይደርሳል» ብሎ ይናገራል፤ ደንበኛውም ይህን አምኖ ገንዘቡን ያዘጋጃል፤ ከሌላ መደብር ሊገዛ ያሰበውንም ይተዋል። ስለዚህ የተቈረጠ ቀን ከዕቃው ዋጋ የማያንስ ክብደት አለው። ይህን ጉዳይ በግልጥ የሚያሳይ ታሪክ በቅርብ ዓመታት በቪዲዮ ጨዋታ ንግድ ውስጥ ታይቷል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ቀኖችና ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ጨዋታው «ስከል ኤንድ ቦንስ» ይባላል፤ ትርጓሜውም «የራስ ቅልና አጥንት» ማለት ሲሆን፥ የባሕር ወንበዴዎች በጥቁር ሰንደቅ ላይ ይሥሉት የነበረውን ምልክት ያስታውሳል። ያዘጋጀው ዩቢሶፍት የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ነው። የዚህ ኩባንያ አመሠራረት ለነጋዴ እንግዳ ነገር አይደለም። መሥራቾቹ ጊልሞ የተባሉ አምስት ወንድማማቾች ሲሆኑ፥ ወላጆቻቸው በብሪታኒ አውራጃ ለገበሬዎች ዕቃ ያቀርቡ ነበር። ልጆቹም ኮምፒዩተርና የኮምፒዩተር ጨዋታ በፖስታ እየላኩ ወደ መሸጥ ተሻገሩ፤ በ1986 ደግሞ ጨዋታ የሚያዘጋጅና የሚያከፋፍል ኩባንያ አቋቋሙ።

የጨዋታው ሐሳብ የመጣው ከቀድሞ ሥራ ነው። ኩባንያው በ2012 ባወጣው «አሳሲንስ ክሪድ 3» ውስጥ የባሕር ላይ ውጊያውን ክፍል የሠራው በሲንጋፖር ያለው ቅርንጫፉ ነበር። በ2013 ስለ ካሪቢያን ባሕር ወንበዴዎች የሚተርከው አራተኛው ክፍል፥ «ብላክ ፍላግ»፥ ወጥቶ እጅግ ተወደደ፤ ብዙዎች በተለይ የወደዱት መርከብ እየነዱ መዋጋቱን ነበር። ከዚህ የተነሣ የሲንጋፖር ቅርንጫፍ መርከብን ብቻ ዋና ነገር ያደረገ አዲስ ጨዋታ እንዲያዘጋጅ ታሰበ።

በአዲሱ ጨዋታ ተጫዋቹ መርከቡ ተሰብራበት በትንሽ ጀልባ ይጀምራል፤ ከዚያም በህንድ ውቅያኖስ ላይ መንገዱን ራሱ እየመረጠ ይዘዋወራል። ከምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ እስከ ምሥራቅ ህንድ ደሴቶች በተሣለው ባሕር ላይ ሸቀጥ ይገዛል፥ ይሸጣል፥ ይዘርፋል። ዋጋ በየወደቡ ይለያያል፤ በአንዱ ወደብ የተትረፈረፈው በሌላው ይፈለጋል። እየከበረ ሲሄድም ከሸንኮራ አገዳ ሩም አስጠምቆ በድብቅ ወደ ገዢዎች ያደርሳል። ከሥዕሉና ከመድፉ ሥር ያለው ነገር እንግዲህ የአስመጪና የላኪ ሒሳብ ነው፤ ልዩነቱ ግን በጨዋታው የተዘረፈው ጭነት ባለቤት የሌለው መሆኑ ነው።

በእውነተኛው ታሪክ ግን ባለቤት ነበረው። ጨዋታው የመረጠው ባሕርና ዘመን፥ ማለት የ17ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ፥ ከልብ ወለድ የመጣ አይደለም። በ1695 ሄንሪ ኤቨሪ የተባለው እንግሊዛዊ የባሕር ወንበዴ ከሌሎች ወንበዴዎች ጋር ሆኖ በባብ ኤል መንደብ አፍ ላይ አደፈጠ፤ ይኸውም ዛሬ የኢትዮጵያ ዕቃ ከሚጫንበትና ከሚራገፍበት ከጂቡቲ ወደብ ብዙ የማይርቅ ሥፍራ ነው። ከሞካ ወደ ሱራት የሚመለሱት የህንድ መርከቦች በሌሊት ቢያልፉትም ተከታተላቸው። በመጀመሪያ አብዱል ጋፉር የተባለውን የሱራት ባለጸጋ ነጋዴ መርከብ ያዘ፤ ቀጥሎም ሴፕቴምበር 7 ቀን የንጉሠ ነገሥት አውራንግዜብን ታላቅ መርከብ፥ ጋንጅ ኢ ሳዋይን፥ ማረከ። የተዘረፈው ሀብት ግምት ከ325,000 እስከ 600,000 ፓውንድ ደርሶ ነበር።

ከዚህ በኋላ የሆነው ለንግድ ሰው ይበልጥ ትምህርት ይሰጣል። ዘራፊው እንግሊዛዊ ስለ ነበረ፥ በዘረፋው እጁ የሌለበት የእንግሊዝ ምሥራቅ ህንድ ኩባንያ ተጠያቂ ሆነ፤ በሱራት የነበሩት ሠራተኞቹ ታሰሩ፤ ንግዱም ቆመ። ኩባንያው ለጠፋው ሀብት ካሣ ለመክፈልና መርከቦቹን በአጀብ ለመጠበቅ ተገደደ። ወንበዴው የወሰደው ወርቅና ብር ነው፤ ኩባንያው ያጣው ግን የገበያውን እምነት ነው፤ የእምነት ማጣት ዋጋም ያላጠፋውን ሰው ሳይቀር አስከፈለው።

ይህን ባሕር ለጨዋታው የመረጠው ዩቢሶፍትም በሌላ መንገድ እምነቱን በአደጋ ላይ ጣለ። ጨዋታውን ለሕዝብ ያስተዋወቀው በጁን 2017 ሎስ አንጀለስ ላይ በተደረገው ኤግዚቢሽን ሲሆን፥ ለገበያ የሚቀርበው በ2018 እንደሚሆን አስታወቀ። በ2018 ቀኑ ወደ 2019 ተላለፈ፤ በ2019 እንደ ገና ተገፋ፤ በ2020ና በ2021ም እንዲሁ ሆነ። በጁላይ 2022 ቀኑ ኖቬምበር 8 ቀን ተብሎ በግልጥ ተቈረጠ፤ ሦስት ወር ሳይሞላ በሴፕቴምበር ወደ ማርች 9 ቀን 2023 ተዛወረ፤ በጃንዋሪ 2023 ይህም ቀን ቀረ። ዕቃው በመጨረሻ ለሽያጭ የወጣው ፌብሩዋሪ 16 ቀን 2024 ነው። ከመጀመሪያው ማስታወቂያ እስከ ሽያጩ ስድስት ዓመት ከስምንት ወር አለፈ ማለት ነው።

የመዘግየቱ አንዱ ምክንያት የሸቀጡ ዓይነት ራሱ ሳይወሰን መታወጁ ነው። በ2017 ለሕዝብ የታየው አምስት መርከቦች ከአምስት መርከቦች ጋር በተወሰነ ሥፍራ የሚዋጉበት ጨዋታ ነበር፤ በ2024 የወጣው ግን ተጫዋቹ በሰፊ ባሕር ላይ እንደ ልቡ የሚዘዋወርበት ነው። አንድ ሰው የአንድ ፎቅ ቤት ተሠርቶ ያልቃል ብሎ ቀን ከሰጠ በኋላ ፕላኑን ወደ ሦስት ፎቅ ቢለውጥ፥ የመጀመሪያው ቀን ሊከበር እንደማይችል የታወቀ ነው።

በዚህ መካከል ገበያው አልጠበቀም። ሬር የተባለውና የማይክሮሶፍት ንብረት የሆነው የእንግሊዝ ድርጅት «ሲ ኦቭ ቲቭስ» የተባለውን የባሕር ወንበዴዎች ጨዋታ በማርች 2018 አወጣ። ይኸውም ዩቢሶፍት መጀመሪያ በቀጠረበት ዓመት ነው። ይህ ጨዋታ ሲወጣ ጉድለት አለበት ተብሎ ቢነቀፍም፥ በገበያ ላይ ሆኖ እየታረመና እየተጨመረበት ብዙ ሚሊዮን ተጫዋቾችን አፈራ። የባሕር ጨዋታ የሚወድ ደንበኛ ገንዘቡን ይዞ ስድስት ዓመት አይቀመጥም፤ ካለው መደብር ይገዛል።

ኪሣራው በሒሳብ መዝገብም ታየ። ዩቢሶፍት በጃንዋሪ 2023 ጨዋታውን እንደ ገና ማዘግየቱን ሲያስታውቅ፥ በዚያው ጊዜ በሥራ ላይ የነበሩ ሌሎች ሦስት ጨዋታዎችን ሰረዘ፤ የሽያጭ ግምቱን ዝቅ አደረገ፤ ለሚመጡና ለተሰረዙ ጨዋታዎች ካወጣው ወጪ ውስጥም 500 ሚሊዮን ዩሮ ያህል ከሀብት መዝገቡ እንደሚቀንስ ገለጠ። የአክሲዮኑ ዋጋም ወዲያው ወደቀ። ይህ ሁሉ በአንድ ጨዋታ መዘግየት ብቻ የመጣ ባይሆንም፥ ደጋግሞ ቀን የሚያዛውር ድርጅት ሲቸገር ባለአክሲዮኖች ትዕግሥት እንደሚያጡ ያሳያል።

ዕቃው ሲወጣ ዋጋው 70 የአሜሪካ ዶላር ነበር። በዚህ ንግድ ትልቅ ወጪ የወጣበት ጨዋታ «ባለ ሦስት ኤ» ይባላል፤ የኩባንያው ዋና ሥራ አስኪያጅ ኢቭ ጊልሞ ግን ስለ ዋጋው በተጠየቁ ጊዜ ይህኛው «ባለ አራት ኤ» ነው ሲሉ መልሰዋል። ገምጋሚዎች ግን መካከለኛ ደረጃ ሰጡት። በተለይ የተነቀፈው ነገር፥ የጠላት መርከብ ሲያዝ ተጫዋቹ በመርከቡ ወለል ላይ ወርዶ የማይዋጋ መሆኑ ነው፤ ይህ ግን በ2013ቱ «ብላክ ፍላግ» ውስጥ ነበረ። አሥር ዓመት የቆየ ሸቀጥ ከአዲሱ በአንድ ነገር ሲበልጥ፥ በዕቃው ላይ የሚለጠፍ የደረጃ ስም ገዢውን አያሳምነውም። ቡና ገዢ በጆንያው ላይ የተጻፈውን ሳይሆን የቀመሰውን ያምናልና።

ለኩባንያው ፍርድ ሲሰጥ ግን እውነቱን መሳት አይገባም። ያልተጠናቀቀ ዕቃ ከመሸጥ ማዘግየት ይሻላል፤ ዩቢሶፍትም ሥራውን አልተወም፤ ከወጣም በኋላ ጨዋታው በየወቅቱ እየተሻሻለ አዳዲስ ነገር ተጨምሮበታል። ጥፋቱ በማዘግየቱ ሳይሆን፥ ሊጠብቀው የማይችለውን ቀን አስቀድሞ በአደባባይ በመናገሩ ላይ ነው።

አስመጪና ላኪ ይህን ልዩነት ከማንም ይልቅ ያውቀዋል። በባንክ በኩል በሌተር ኦፍ ክሬዲት በሚደረግ ግዢ የመጨረሻው የመጫኛ ቀን ተጽፎ ይቀመጣል፤ ያ ቀን ካለፈ ባንኩ ሰነዱን ላለመቀበል ይችላል፤ ቀኑን ለማራዘምም የገዢው ስምምነት ያስፈልጋል። ሻጩ ብቻውን ቀኑን አያዛውርም። በችርቻሮ ንግድ ግን እንዲህ ያለ ወረቀት የለም፤ ደንበኛው በእጁ ያለው የባለሱቁ ቃል ብቻ ነው፤ ቀኑ ሲዛወርም ማንም አያስፈቅደውም። ስለዚህ ጠንቃቃ ባለመደብር ዕቃው ከጉምሩክ ሳይወጣ የማስታወቂያ ሰሌዳ አይሰቅልም፤ ቢዘገይበትም ምክንያቱንና ሊጠብቀው የሚችለውን ቀን አንድ ጊዜ ይነግራል እንጂ፥ ደንበኛውን ደስ ለማሰኘት ሲል በየወሩ አዲስ ቀን አይሰጥም። አባቶች «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ያሉት ለመሐላ ብቻ አይደለም፤ ለገበያም ይሠራል።