ማርሚታው ሲቀየር ሞተሩ ለምን ይሳሳታል?

ብዙ አሽከርካሪዎች የተሽከርካሪን የጭስ ማውጫ የተቃጠለ ጋዝ ከሞተር ወደ ውጭ የሚያወጣ ተራ ቧንቧ አድርገው ያዩታል። ስለዚህም ድምፁ እንዲጎላ፣ ጉልበቱ እንዲጨምር ወይም የጥገና ወጪ እንዲቀንስ ሲሉ ማርሚታውን ያስቆርጣሉ፣ ቧንቧውን በሰፊ ያስለውጣሉ፣ አንዳንዴም ካታሊቲክ ኮንቨርተሩን ጨርሶ ያስወጣሉ። ከጥቂት ቀናት በኋላ በዳሽቦርዱ ላይ የሞተር ምልክት ያለው ቢጫ መብራት ሲበራ ግን ግራ ይጋባሉ፤ የተነካው ጭስ ማውጫው እንጂ ሞተሩ አይደለምና።

ምክንያቱ በቧንቧው ላይ የተተከሉት ትንንሽ ሴንሰሮች ወይም ዳሳሾች ናቸው። የዘመኑ ሞተር የሚመገበውን ነዳጅ የሚወስነው ከጭሱ በሚያገኘው መረጃ ጭምር ነው።

ጭሱን የሚያነበው ሴንሰር

1 ኪሎ ግራም ቤንዚን በተሟላ ሁኔታ እንዲቃጠል 14.7 ኪሎ ግራም ያህል አየር ያስፈልገዋል። የሞተሩ ኮምፒውተር የሚገባውን አየር መጠን ያሰላል፤ ለዚያ የሚመጥን ቤንዚንም በኢንጀክተሮች በኩል እንዲረጭ ያዛል። ትእዛዙ ትክክል መሆኑን የሚያረጋግጠው ግን ከቃጠሎው በኋላ በጭሱ ውስጥ የቀረውን ኦክስጅን በማየት ነው።

ይህን ሥራ የሚሠራው የኦክስጅን ሴንሰር ሲሆን፣ የጀርመኑ ቦሽ ኩባንያ የሠራው ሴንሰር እ.ኤ.አ. በ1976 በስዊድኑ ቮልቮ መኪና ላይ ተገጥሞ ለገበያ ቀርቧል። የተለመደው ዓይነት ዚርኮኒየም ዳይኦክሳይድ ከተባለ ሴራሚክ የተሠራ ነው። አንደኛው ገጽታው ጭሱን፣ ሌላኛው የውጭውን አየር ይነካል። ሙቀቱ ከ300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያልፍ፣ በሁለቱ ወገን ባለው የኦክስጅን ልዩነት መጠን ጥቂት የኤሌክትሪክ ኃይል ያመነጫል። ነዳጁ ከበዛ ወደ 0.9 ቮልት ይጠጋል፤ ካነሰ ወደ 0.1 ቮልት ይወርዳል። ኮምፒውተሩም ይህን እያየ ነዳጁን ያለማቋረጥ ይጨምራል፣ ይቀንሳል።

ከዚህ ሴንሰር ቀጥሎ ካታሊቲክ ኮንቨርተሩ ይገኛል። በውስጡ ያሉት ፕላቲነም፣ ፓላዲየም እና ሮዲየም የተባሉ ውድ ማዕድናት ካርቦን ሞኖክሳይድን፣ ያልተቃጠለ ነዳጅን እና የናይትሮጅን ኦክሳይዶችን ወደማይመርዙ ጋዞች ይለውጣሉ። ኮንቨርተሩ ሥራውን በአግባቡ መሥራቱን የሚከታተለው ደግሞ ከበስተኋላው የተተከለው ሁለተኛው የኦክስጅን ሴንሰር ነው።

የቱ ለውጥ ምን ያስከትላል?

ሁሉም ለውጥ እኩል ጉዳት የለውም። ከሁለተኛው ሴንሰር በስተኋላ ያለው ማርሚታ ብቻ ቢለወጥ፣ ሴንሰሮቹ የሚያነቡት ጭስ ብዙም አይለወጥምና የሚጎላው በአብዛኛው ድምፁ ነው። ችግሩ የሚከፋው ለውጡ ወደ ሞተሩ እየተጠጋ ሲሄድ ነው።

ከሁሉም አሳሳቹ ከመጀመሪያው ሴንሰር አቅራቢያ የሚፈጠር ትንሽ ክፍተት ነው። ጭስ ከሲሊንደሮቹ የሚወጣው በምት በምት ስለሆነ፣ በሁለት ምቶች መካከል በቧንቧው ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው አየር ያንሳል። በደንብ ካልተበየደ ወይም ካልታሸገ መገጣጠሚያ የውጭ አየር ይሳባል። ሴንሰሩ ይህን ኦክስጅን ሲያገኝ «ነዳጅ አንሷል» ብሎ ያሳውቃል፤ ኮምፒውተሩም ሳያስፈልግ ነዳጅ ይጨምራል። የመመርመሪያ መሣሪያው ነዳጅ ማነሱን የሚያመለክተውን ፒ0171 የተባለ ኮድ ሊያሳይ ይችላል፤ እውነታው ግን ተቃራኒው ነው። ትርፉ የቤንዚን ብክነት፣ የጠቆረ ካንዴላ፣ ሲብስም የተጎዳ ኮንቨርተር ነው። ሳይቃጠል ያለፈው ነዳጅ እዚያ ውስጥ ስለሚቃጠል የማር እንጀራ መሰሉ ሴራሚክ ሊቀልጥ ይችላል።

ከሞተሩ ጋር የሚያያዘው ማኒፎልድ በረጅም ቧንቧዎች ሲተካ ደግሞ ሴንሰሩ ከቀድሞ ቦታው ይርቃል። ቶሎ አይሞቅም፤ መረጃውም ዘግይቶ ይደርሳል።

ኮንቨርተሩ ጨርሶ ሲወጣ ሁለተኛው ሴንሰር ከመጀመሪያው ጋር ተመሳሳይ ምልክት ማሳየት ይጀምራል። ኮምፒውተሩም ኮንቨርተሩ ሥራ አቁሟል ብሎ ይደመድማል፤ ፒ0420 የተባለውን ኮድ መዝግቦ መብራቱን ያበራል።

መብራቱን ማጥፋት መፍትሔ ይሆናል?

አንዳንድ ጋራዦች ሁለተኛውን ሴንሰር በማራዘሚያ ብሎን ከጭሱ ያርቁታል፤ ሌሎች የኮምፒውተሩን ፕሮግራም ይለውጣሉ። ይህ መብራቱን ያጠፋው ይሆናል፤ መርዛማው ጋዝ ግን መውጣቱን አያቆምም። ቀለምና ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ከመኪናው ወለል ሥር ባለ ክፍተት ከወጣ ደግሞ ወደ ተሳፋሪዎቹ ክፍል ሊገባ ይችላል።

ሕጉም አይፈቅድም። በአሜሪካ የፌዴራሉ የንጹሕ አየር ሕግ የጭስ መቆጣጠሪያ መሣሪያዎችን ማውጣትም ሆነ ማሰናከል ይከለክላል። እ.ኤ.አ. ከ1996 ሞዴል ጀምሮ በአገሪቱ የሚሸጡ አዳዲስ የቤት መኪናዎች ይህን መሰል ጉድለት ራሳቸው የሚመዘግብ ሥርዓት እንዲኖራቸው ተደርጓል። በአውሮፓ ኅብረትም ለቤንዚን መኪናዎች ተመሳሳይ ግዴታ እ.ኤ.አ. ከ2001 ወዲህ ተጥሏል። በብሪታንያ ደግሞ ጥቀርሻ ማጣሪያው የወጣለት የናፍጣ መኪና እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ዓመታዊውን ምርመራ አያልፍም። ከምርመራ በፊት ኮዱን ማስጠፋትም ብዙ አይጠቅም፤ ኮዱ ሲጠፋ ኮምፒውተሩ የራስ ፍተሻውን ገና እንዳልጨረሰ ለመርማሪው ያሳያልና።

ከመወሰን በፊት

ጉልበት ይጨመራል የሚለውም ተስፋ ሲመረመር ይሳሳል። ቧንቧው ከሚገባው በላይ ሲሰፋ የጭሱ ፍጥነት ስለሚቀንስ፣ ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ሲሠራ ጉልበቱ ሊያንስ ይችላል። መኪናውን የእንጀራ ማግኛው ላደረገ የታክሲ አሽከርካሪ ደግሞ በየቀኑ የሚባክነው ቤንዚን ከአዲሱ ድምፅ የበለጠ ዋጋ አለው።

ለውጡ የግድ ከሆነ ሴንሰሮቹ በቀድሞ ቦታቸው መቆየታቸውን፣ ከሴንሰሩ በፊት ያለው መገጣጠሚያ ሁሉ አየር አለማስገባቱን ማረጋገጥ ይገባል። ብየዳ ከመጀመሩ በፊት የባትሪውን ገመድ መንቀል፣ ለሴንሰር ጎጂ ያልሆነ ማሸጊያ መጠቀምም ያስፈልጋል፤ የአንዳንድ ሲልከን ማሸጊያዎች ትነት ሴንሰሩን ይመርዛል። ሥራው ካለቀ በኋላ መካኒኩ በመመርመሪያ መሣሪያው ኮምፒውተሩ ምን ያህል ነዳጅ እየጨመረ ወይም እየቀነሰ እንደሆነ ይመልከት። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ማስተካከያው በሁለቱም አቅጣጫ ከ10 በመቶ ካለፈ፣ መብራቱ ባይበራም እንኳ መኪናው ሳይፈተሽ ከጋራዥ መውጣት የለበትም።