ያገለገለ የቴሌቪዥን ጨዋታ መሣሪያ ስለ መግዛትና ስለ መሸጥ

አዲስ ዕቃ በወጣ ቁጥር አሮጌው ፈላጊ ያጣል የሚለው የነጋዴ ግምት በቴሌቪዥን ጨዋታ መሣሪያ ረገድ ሁልጊዜ የሚሠራ አይደለም። ሶኒ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ፕሌይስቴሽን 2 የተባለውን መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ2000 ዓ.ም. በአገሩ ለገበያ አቅርቦ፥ እስከ 2013 መጀመሪያ ድረስ ሲያመርተው ቆይቷል። በዚህም ጊዜ ውስጥ ከ155 ሚሊዮን በላይ ሸጧል። ፋብሪካው ሥራውን ካቆመ ከአሥር ዓመት በላይ ቢሆነውም፥ ከእነዚህ መሣሪያዎች ብዙዎቹ ዛሬም ከእጅ ወደ እጅ ይዘዋወራሉ።

ለዚህ ምክንያቱ የዋጋው ማነስ ብቻ አይደለም። በአሁኑ ጊዜ የሚወጡት መሣሪያዎች ሲዲው ከገባ በኋላ እንኳ ብዙ ነገር በኢንተርኔት እንዲወርድላቸው ይጠይቃሉ፤ አሮጌው ግን ሲዲው እንደ ገባ ያጫውታል። የኢንተርኔት ሂሳብ ለሚከብደው ቤተሰብም ሆነ፥ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች በየሰፈሩ እያስከፈለ ለሚያጫውት ወጣት፥ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በተለይ ወጣቱ ያጠራቀማትን ገንዘብ አውጥቶ የሚገዛው እንጀራ ሊበላበት ስለሆነ፥ በሳምንቱ የሚበላሽ ዕቃ የሸጠለት ባለሱቅ ያጎደለው የአንድ ሰው መተዳደሪያ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ መታየት የሚገባው የኤሌክትሪኩ ጉዳይ ነው። በኢትዮጵያ የሚሠራበት ኃይል 220 ቮልት ሲሆን፥ የጃፓኑ 100፥ የአሜሪካው ደግሞ 120 ቮልት ነው። ወፍራሙ የፊተኛው ፕሌይስቴሽን 2 የተሠራው ለየአገሩ ኃይል ስለሆነ፥ የአሜሪካው ዓይነት ያለ ትራንስፎርመር በቀጥታ ቢሰካ ይቃጠላል። ይህን ለመለየት ዕቃውን መፈታታት አያስፈልግም። ከበስተኋላው በተለጠፈው ወረቀት ላይ ኤስ ሲ ፒ ኤች ከሚሉት ፊደላት ቀጥሎ አምስት አኃዝ ያለው ቁጥር አለ፤ የመጨረሻው አኃዝ 0 ከሆነ ለጃፓን፥ 1 ከሆነ ለሰሜን አሜሪካ፥ 4 ከሆነ ለአውሮፓ የተሠራ ነው። ለምሳሌ 30001 የአሜሪካው፥ 30004 የአውሮፓው ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ዓ.ም. የወጣው ቀጭኑ ዓይነት ማስተላለፊያው ከውጭ ስለሆነ፥ በማስተላለፊያው ላይ የተጻፈውን ማንበብ ይበቃል፤ ከ100 እስከ 240 የሚል ከሆነ አያሠጋም።

ስለዚህ አስመጪው በፕሮፎርማው ላይ «ያገለገለ ፕሌይስቴሽን 2፥ 30 ፍሬ» ተብሎ ብቻ ሲጻፍለት ዝም ብሎ መቀበል አይገባውም። የሞዴሉ ቁጥር በሙሉ ይጻፍልኝ ቢል ለሻጩ የሚጨምርበት ድካም የአንድ መስመር ጽሕፈት ነው። ያ መስመር ባለመጻፉ ግን ሠላሳ ትራንስፎርመር ለመግዛት የሚወጣው ገንዘብ የታሰበውን ትርፍ ጠራርጎ ሊወስደው ይችላል።

ቁጥሩ የሚጠቅመው ለኤሌክትሪኩ ብቻ አይደለም። የፕሌይስቴሽን 2 ሲዲዎች በአገር ክፍል የተከፈሉ በመሆናቸው፥ ለአውሮፓ የታተመውን ሲዲ የአሜሪካው መሣሪያ አይቀበለውም። መሣሪያውን ከአንድ ወገን፥ ሲዲውን ከሌላ ወገን ያመጣ ነጋዴ እርስ በርሱ የማይጋባ ሸቀጥ ይዞ ይቀራል። በኋላ በወጣው በፕሌይስቴሽን 3 ግን ይህ አጥር ለጨዋታ ሲዲዎች፥ ከጥቂቶቹ በቀር፥ ተነሥቷል፤ ለፊልም ሲዲዎች ግን አልተነሣም።

ቀጥሎ የሚመረመረው ሌንሱ ነው። አንዳንድ ሻጮች መብራቱ መብራቱን አሳይተው «ይኸው ይሠራል» ይላሉ፤ መብራት መብራቱ ግን የሚያስረዳው ነገር የለም። የፕሌይስቴሽን 2 ሲዲዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዳንዶቹ ሆዳቸው ሰማያዊ፥ የሚበዙት ግን ብርማ ነው። ሌንሱ ያረጀበት መሣሪያ አንዱን ዓይነት አንብቦ ሌላው ሊያቅተው ስለሚችል፥ ገዢ የሆነ ሰው ሁለቱንም ይዞ ሄዶ ይሞክር። ሙከራውም ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት ያህል መቆየት አለበት፤ በአቧራ የታፈነ ማራገቢያ ጉዳቱን የሚገልጸው መሣሪያው ከሞቀ በኋላ ነውና። ጆይስቲኩንም እያንዳንዱን ቁልፍ እየጫኑ መፈተን ነው። 8 ሜጋባይት የሚይዘው ሚሞሪ ካርድ ከሌለ ተጫዋቹ የደረሰበት ስለማይመዘገብ በማግሥቱ ከመጀመሪያው ይጀምራል፤ ስለዚህ ያለ ካርድ የሚሸጥ መሣሪያ ጎዶሎ ተብሎ ዋጋው መቀነስ ይገባዋል።

ከአዲሶቹ ቴሌቪዥኖች አንዳንዶቹ ቀይ፥ ነጭና ቢጫ ገመድ የሚሰካበት ቀዳዳ የላቸውም። ለኤችዲኤምአይ የሚለውጠውን ትንሽ ዕቃ አብሮ የሚያቀርብ ባለሱቅ ደንበኛውን ከመመላለስ ያድነዋል።

ፕሌይስቴሽን 4 ለሚገዛ ሰው ጭንቀቱ ሌላ ነው። ይህ እ.ኤ.አ. በ2013 ዓ.ም. የወጣው መሣሪያ ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበል በኤሌክትሪክ በኩል አያስቸግርም፤ ነገር ግን የቀድሞው ባለቤት አካውንት ሳይነሣ፥ ወይም መሣሪያው ከኩባንያው የኢንተርኔት አገልግሎት ታግዶ ሊሸጥ ይችላል። ገንዘብ ከመቁጠር በፊት በሻጩ ፊት ኢንተርኔት ላይ ማስገባትና የቆየውን አካውንት ማስጠፋት ያስፈልጋል።

ገዝቶ ቤቱ የገባ ሰው ደስታውን የሚያገኘው ብዙ ጊዜ ከእግር ኳሱ ነው። ፊፋ 14 የተባለው ጨዋታ ለፕሌይስቴሽን 2 የወጣው እ.ኤ.አ. በ2013 ዓ.ም.፥ መሣሪያው መመረቱ ከቆመ በኋላ ነበር። በውስጡ የሚገኙት ተጫዋቾች ከእነዚያ ብዙዎቹ ዛሬ ጫማቸውን ሰቅለዋል፤ ሁለት ወንድማማቾች በአንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሲጋጠሙ ግን ይህን ልብ የሚል የለም። መሣሪያው ዙሪያው አየር በሚያገኝበት ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ፤ ዳንቴል ማልበስ ለዓይን ቢያምርም ማራገቢያውን ያፍነዋል። ሲዲው በጨርቅ ሲወለወል ከመካከል ወደ ዳር እንጂ ዙሪያውን አይደለም።