ከቀለጠ ድንጋይ የወጣ ገበያ
በላንዛሮቴ ደሴት ስለ ተሠሩት የጐብኚዎችና የሕዝብ ማእከሎች

ነጋዴ መሬትን የሚመዝነው በሁለት ነገር ነው፤ ይኸውም በሚያበቅለው እህልና በሚያልፍበት ሰው ብዛት ነው። በሁለቱም ሚዛን ቢመዘን፣ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ከሞሮኮ ጠረፍ ማዶ የምትገኘው የላንዛሮቴ ደሴት ከሰባ ዓመት በፊት ዋጋ አልነበራትም ማለት ይቻላል። ደሴቲቱ በስፔን መንግሥት ሥር ካሉት የካናሪ ደሴቶች አንዷ ስትሆን ስፋቷ 846 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። በአውሮፓውያን አቈጣጠር (ከዚህ በታች የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ በዚሁ ነው) ሴፕቴምበር 1 ቀን 1730 ምድሪቱ ተሰንጥቃ እሳት መትፋት ጀመረች፤ እስከ ኤፕሪል 1736 ድረስም ጨርሳ አልበረደችም። ከደሴቲቱ አንድ አራተኛው ያህል፣ ያውም ደኅና እርሻ የነበረው፣ ከነመንደሮቹ በላቫና በአመድ ተቀበረ። ዝናቧ በዓመት ከ150 ሚሊ ሜትር እምብዛም አያልፍም፤ የሚጠጣ ውሃ በመርከብ ተጭኖ የመጣበት ጊዜም ነበር፤ ጐልማሳውም እንጀራ ፍለጋ ባሕር እየተሻገረ ይሰደድ ነበር።

ወደ እንዲህ ያለው አገር እንግዳ መምጣት ሲጀምር አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያ የሚሠራው ሆቴል ነው። የላንዛሮቴ ሰዎች ግን ቅደም ተከተሉን ገለበጡት። በ1960ዎቹ የደሴቲቱን ምክር ቤት ይመሩ የነበሩት ሆሴ ራሚሬዝ ሴርዳ፣ ከሠዓሊው ከሴሳር ማንሪኬ ጋር ተማክረው፣ እሳተ ገሞራው በተወው ስፍራ ላይ ጐብኚም የአገር ልጅም የሚገኙበትን ማእከሎች አስቀድመው ማሠራት ያዙ። ማንሪኬ (1919–1992) የደሴቲቱ ተወላጅ ሲሆኑ በማድሪድና በኒው ዮርክ ኖረው ወደ ትውልድ አገራቸው የተመለሱ ሰው ናቸው። ለራሳቸው መኖሪያ የመረጡት ታሂቼ በተባለው ቀበሌ ያለውን ጥቁር የላቫ ሜዳ ነበር፤ ባለመሬቱም ለምንም የማይረባ ነው ብሎ በነጻ ሊሰጣቸው እንደ ፈለገ ይነገራል። እርሳቸው ግን ላቫው ሲፈስ አየር በውስጡ ታፍኖ የፈጠራቸውን አምስት ጉድጓዶች አገኙና ክፍል አድርገው ኖሩባቸው።

የአሠራራቸው ምስጢር ከሁሉ ይልቅ የሚታየው ሃሜኦስ ዴል አጓ በተባለው ስፍራ ነው። ላ ኮሮና የተባለው ተራራ በጥንት ዘመን ሲፈነዳ፣ የሚፈሰው ላቫ ከላይ በኩል ቀዝቅዞ ሲደርቅ ከሥሩ ያለው እየጐረፈ ወጥቶ ስለ ሄደ፣ ከተራራው እስከ ባሕሩ ዳር 6 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ባዶ ዋሻ ቀረ። ጣሪያው የተደረመሰበትን ቀዳዳ የአገሩ ሰዎች ሃሜኦ ይሉታል። በ1966 ለሕዝብ በተከፈተው በዚህ ስፍራ ጐብኚው በአንደኛው ቀዳዳ በደረጃ ይወርዳል፤ ከዋሻው ሥር ምግብ ቤት፣ የዳንስ ስፍራና ከውቅያኖሱ በስርገት የሚመጣ ውሃ ያለበት ጥርት ያለ ኩሬ ያገኛል። በማዶው በኩል ደግሞ ዋሻው ራሱ ከ500 ሰው በላይ የሚይዝ የሙዚቃ አዳራሽ ሆኗል። ግድግዳውንም ጣሪያውንም ተፈጥሮ ስለ ሠራችው፣ የሰው እጅ የጨመረው ደረጃ፣ ወለል፣ መቀመጫና መብራት ነው። የሲሚንቶና የብረት ዋጋ የሚያውቅ አንባቢያችን ሒሳቡን ለራሱ ሊያወጣው ይችላል። በኩሬው ውስጥ ብርሃን አይተው የማያውቁ ዕውሮችና ነጫጭ የሆኑ ጥቃቅን ሸርጣኖች አሉ፤ ሳንቲም ወደ ውሃው መወርወር የተከለከለውም የብረቱ ዝገት እነርሱን ስለሚጐዳ ነው። ገንዘብ መወርወር የሚከለከልበት የጐብኚ ስፍራ ብዙ ያለ አይመስለንም።

በቲማንፋያ ተራሮች ላይ ያለው ችግር ሌላ ዓይነት ነበር። እዚያ መሬቱ ገና አልበረደም፤ ጥቂት ሜትር ወደ ታች ቢቈፈር ሙቀቱ ብዙ መቶ ዲግሪ ይደርሳል። በ1970 የተሠራው ክብ ምግብ ቤት ይህንኑ ሙቀት የሥራ መሣሪያ አደረገው፤ ሥጋው የሚጠበሰው ከምድር ሆድ በሚወጣው ትኵሳት እንጂ በከሰል ወይም በጋዝ አይደለም። ዙሪያው መስተዋት ስለ ሆነ ተመጋቢው ተራራውን እያየ ይበላል። መንገዱም በብልሃት የተቀየሰ ነው፤ 14 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆነው ጠባብ መንገድ የመሬቱን ቅርጽ እየተከተለ ይዞራል፤ ጐብኚው በአውቶቡስ ተቀምጦ ያልፋል እንጂ ወርዶ አመዱን አይረግጥም። ኡጋ የተባለው መንደር ሰዎች ደግሞ ቀድሞ ያርሱባቸውና ይጭኑባቸው የነበሩትን ግመሎች እንግዳ እያስቀመጡባቸው ይተዳደራሉ።

ለባለሱቅ ከሁሉ ይልቅ ትምህርት የሚሰጠው ግን በደሴቲቱ መካከል በ1968 የተሠራው የገበሬው መታሰቢያ ነው። የተቋቋመው አመዱን ለተዋጋው ገበሬ ክብር ሲሆን፣ ረጅሙ ሐውልት ከአሮጌ የጀልባ የውሃ በርሜሎች ተገጣጥሞ የተሠራ ነው። በአጠገቡ ባለው፣ እንደ አገሩ የገበሬ ቤት ነጭ ተቀብቶ በተሠራው ግቢ፣ የእርሻ መሣሪያዎች ይታያሉ፤ የእጅ ሥራ ባለሙያዎች ይሠራሉ፤ የአገሩ ምግብና ወይን ጠጅ ይቀርባል። ወይኑ የሚበቅለው ላ ሄሪያ በሚባለው አውራጃ ነው። እዚያ ገበሬው ጥቁሩን አመድ እስከ አፈሩ ድረስ እንደ ጐድጓዳ ሳሕን ይቈፍርና በየጉድጓዱ አንዳንድ የወይን ተክል ይተክላል፤ ከነፋስም እንዲጠለል በግማሽ ክብ የድንጋይ ካብ ይከልለዋል። አመዱ የሌሊቱን ርጥበት ይዞ ያቈየዋል። ይህን እርሻ በዓይኑ ያየ ሰው ጠርሙሱን ሲገዛ ዋጋ እንደማይከራከር ለመገመት አያስቸግርም።

ማእከሎቹ የማን ናቸው? የግል ኩባንያ አይደሉም፤ ባለቤታቸው የደሴቲቱ ምክር ቤት ነው፤ ሲሠሩም ጉልበቱ በብዛት የመጣው ከራሱ ከምክር ቤቱ ሠራተኞች ነው። የመግቢያው ገንዘብም ወደዚያው ሣጥን ይገባል። የነጋዴውም ግዴታ ቀላል አልነበረም፤ ትልልቅ የማስታወቂያ ሰሌዳ በየመንገዱ እንዳይተከል ተከልክሏል፤ ቤቱም ዝቅ ብሎና ነጭ ተቀብቶ እንዲሠራ ተደርጓል። ማስታወቂያ መተዳደሪያው ለሆነ ሰው ይህ መራራ ነው። ይሁን እንጂ እንግዳው ባሕር አቋርጦ የሚመጣው ሰሌዳ ለማንበብ አይደለምና፣ ክልከላው የጠበቀው ዕቃ ራሱ የሚሸጠው ዕቃ ነበር ለማለት እንደፍራለን።

ሁሉ ነገር ግን በተጀመረበት አልቀጠለም። በ1980ዎቹ ሆቴል ሠሪው በባሕሩ ዳር ተረባረበ፤ ማንሪኬም በስተርጅና ዘመናቸው ደሴቲቱ እየጠፋች ነው እያሉ በአደባባይ ተከራከሩ። ዩኔስኮ በ1993 ደሴቲቱን በሙሉ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ብሎ መዘገባት፤ ሆኖም ከዚያ በኋላ በርካታ የሆቴል ሥራ ፈቃዶች ሕግ የተላለፉ ናቸው ተብለው በፍርድ ቤት እስከ መሰረዝ ደርሰዋል። ዛሬ በዓመት ከሁለት ሚሊዮን በላይ እንግዳ የሚቀበለው ነዋሪ ከሁለት መቶ ሺሕ በታች ነው፤ የውሃውና የመኖሪያ ቤቱ ነገርም የዘወትር ክርክር ሆኗል።

የማንሪኬ የመጨረሻ ማእከል በ1990 በጓቲሳ መንደር የተከፈተው የቍልቋል አትክልት ስፍራ ነው። ቦታው ቀድሞ የእሳተ ገሞራ አመድ ይቈፈርበት የነበረ ጉድጓድ ነው፤ አመዱም ግንበኞቻችን ሬድ አሽ እያሉ ከቢሾፍቱ አካባቢ ኮረብታዎች ከሚያስመጡት ጋር ወንድማማች ነው። በዙሪያው ያለው የቍልቋል እርሻ በላዩ ላይ ከሚራባው ተባይ ቀይ ቀለም ይወጣበት ነበር፤ ይህም ቀለም በ19ኛው መቶ ዓመት የታወቀ የውጭ ንግድ ዕቃ ሆኖ ሳለ፣ በፋብሪካ የሚሠራው ቀለም ሲመጣ ዋጋው ወደቀ። ማንሪኬ ጉድጓዱን አልደፈኑትም። ዙሪያውን እንደ እርከን በድንጋይ ካቡና በሺሕ የሚቈጠር ቍልቋል ተከሉበት፤ ቈፋሪዎቹ ትተዋቸው የሄዱትን ረጃጅም የአመድ ዓምዶችም እንደ ሐውልት እንዲቆሙ ተዉአቸው። ከጉድጓዱ አፋፍ ላይ ያለው የነፋስ ወፍጮም ታድሷል፤ ይፈጭበት የነበረው የተቈላ እህል ነው፤ የአገሩ ሰዎች ጎፊዮ ይሉታል፤ እኛ በሶ የምንለው ማለት ነው።