እንቁላልና ማሽን የማይጠይቀው የቸኮሌት ብስኩት

ጥሩ የቸኮሌት ብስኩት ለመጋገር እንቁላልም የሊጥ ማሽንም የግድ አይደሉም። 125 ግራም የለሰለሰ የገበታ ቅቤ ከ70 ግራም ስኳር ጋር በማንኪያ ይመታል፤ 150 ግራም ፉርኖ ዱቄት፣ 30 ግራም የካካዎ ዱቄትና ቁንጥር ጨው አብረው ተነፍተው ይጨመሩበታል። ቅመም የገባበት ንጥር ቅቤ እዚህ ቦታ የለውም፤ የኮረሪማው ሽታ ካካዎውን ይውጠዋል።

ሊጡ መጀመሪያ ላይ ፍርፋሪ ይመስላል። ወተት ለመጨመር ከመቸኮል በመዳፍ ጨመቅ ጨመቅ ማድረግ ይሻላል፤ የእጅ ሙቀት ቅቤውን ሲያላላው ይያያዛል። ከዚያ በኋላ ግን ማሸት አያስፈልግም፤ ብዙ የታሸ ሊጥ ብስኩቱን ያጠጥረዋል።

ከባዱ ነገር መብሰሉን ማወቅ ነው። ነጭ ብስኩት ሲቀላ ይታያል፤ ይህኛው ከመነሻው ጥቁር ስለሆነ ዓይን አይረዳም። ግማሽ ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ብስኩት በ170 ዲግሪ በሞቀ ኦቨን 12 ደቂቃ ያህል ይበቃዋል። ጠርዙ በጣት ሲነካ ጠንከር፣ መሀሉ ለስለስ ካለ መውጣት አለበት። ኦቨን ውስጥ እንዲጠነክር የሚጠብቅ ሰው ያሳርረዋል፤ ብስኩቱ የሚጠነክረው ትሪው ላይ ሲቀዘቅዝ ነው።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ናት። የአየር ግፊቱ ዝቅተኛ በመሆኑ ሊጥ ውስጥ ያለ ጋዝ አብዝቶ ይለጠጣል፤ ስለዚህ ከውጭ በተገኘ አሠራር ላይ የተጻፈው ቤኪንግ ፓውደር ቀነስ ቢደረግ ይመረጣል። ይኸኛው ጨርሶ አይፈልገውም።

ለጾም ቅቤው በ100 ሚሊ ሊትር ዘይት ይተካል፤ ሊጡ አልያያዝ ካለ አንድ ሁለት ማንኪያ ውሃ ይረዳዋል። ንጹህ የካካዎ ዱቄት ወተት የለበትም፤ በላዩ የሚነሰነስ ቸኮሌት ካለ ግን ወተት ሊኖርበት ስለሚችል ማሸጊያውን ማንበብ ያስፈልጋል።