ሳተላይቱ ያለንበትን እንጂ መንገዱን አያውቅም

ከዓለም ከተማ እስከ መሐል ሜዳ በአየር መስመር ሲለካ 100 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ይህን የነገረኝ የእጅ ስልኬ ነው፤ አልዋሸም። ያልነገረኝ ነገር ቢኖር በመርሐቤቴና በመንዝ መካከል የወንጪት ሸለቆ አፉን ከፍቶ መተኛቱን ነው።

ለሥራም ሆነ ለጉብኝት ወደ መንዝ፣ ግሼና መርሐቤቴ የሚወጣ ሰው ዛሬ ጂፒኤስ በኪሱ ይዞ ነው የሚሄደው። ከ20 ዓመት በፊት የመዳፍ ኮምፒውተርና የተለየ መቀበያ ይጠይቅ የነበረው ቴክኖሎጂ አሁን በየስልካችን ውስጥ አለ። ይሁን እንጂ መሣሪያው የሚያውቀውንና የማያውቀውን ለይቶ የሚጠቀምበት ሰው ብዙ አይመስለኝም። በዚያ አገር ይህን አለመለየት ተጓዡን ገደል አፋፍ ላይ ሊያቆመው፣ ገበሬውንም ከጎረቤቱ ጋር ሊያካስሰው ይችላል።

አሠራሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። የአሜሪካ ጂፒኤስ ሳተላይቶች ከምድር 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው እየዞሩ፣ በተሸከሙት እጅግ ትክክለኛ ሰዓት የተመዘገበ ምልክት ያለማቋረጥ ይልካሉ። ስልካችን ምልክቱ እስኪደርሰው የፈጀውን ጊዜ አስልቶ ከእያንዳንዱ ሳተላይት ያለውን ርቀት ያውቃል። ቢያንስ ከአራቱ ከሰማ ያለበትን ቦታና ከፍታ ማስላት ይችላል። የሩሲያው ግሎናስ፣ የአውሮፓው ጋሊሊዮና የቻይናው ቤይዱም የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነው። የአሜሪካ መንግሥት ለሲቪል ተጠቃሚዎች በሚሰጠው ምልክት ላይ ሆን ብሎ ይጨምረው የነበረውን ስህተት በሚያዝያ 1992 ዓ.ም. አንስቷል። ዛሬ ሰማዩ ገላጣ በሆነበት ቦታ የስልክ ስህተት አብዛኛውን ጊዜ 5 ሜትር ገደማ ነው። የከፍታው ስህተት ግን ከዚህ ይብሳል።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚያምታቱት ነገር አለ። ስልኩ ከሳተላይት ይሰማል እንጂ ለሳተላይት አይናገርም። ስለዚህ ቦታን ለማወቅ የቴሌ ኔትወርክም ሆነ ኢንተርኔት የግድ አያስፈልግም፤ ያለ ኔትወርክ የመጀመሪያው መልስ ትንሽ ቢዘገይ ነው። ኢንተርኔት የሚያስፈልገው ካርታውን ለማምጣት ነው። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ ሳተላይቶቹ ሥራቸውን አላቆሙም፤ የጠፋው ካርታው ነበር። መፍትሔው አዲስ አበባ ወይም ደብረ ብርሃን ሳሉ የአካባቢውን ካርታ አውርዶ መያዝ ነው። ኦርጋኒክ ማፕስና ኦስምአንድ የተባሉት ፕሮግራሞች በጎ ፈቃደኞች የሚሠሩትን የኦፕንስትሪትማፕ ካርታ በስልኩ ላይ ያስቀምጣሉ። የጉግል ካርታም ይወርዳል፤ ነገር ግን ያለ ኢንተርኔት የመኪና መንገድ እንጂ የእግር መንገድ አይመራም።

በጓሳ ጉም ሲወርድ አሥር እርምጃ ማየት ሊያስቸግር ይችላል። ለዚህም ከመነሳት በፊት መነሻውን ምልክት ማድረግና ፕሮግራሙ ዱካችንን እንዲመዘግብ ማዘዝ ይጠቅማል፤ በመጡበት መመለስ ይቻላልና። ከ3,200 ሜትር በላይ በሆነው በዚያ ብርድ ባትሪ ቶሎ ስለሚደክም ስልኩን ከጋቢ ወይም ከካፖርት ሥር መያዝ ነው።

ቀስት ተከትሎ ወደ ፊት መሄድ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ካርታው ላይ ያልተሳለ የእግር መንገድ ለስልኩ የለም፤ የተሳለው ደግሞ በክረምት ወንዝ የሚቆርጠው ሊሆን ይችላል። ሸለቆ ውስጥ ሲገቡ ገደሉ ሰማዩን ይከልላል፣ ምልክቱም ከቋጥኙ እየነጠረ ስለሚመጣ ስህተቱ ይጨምራል። የአገሬው ሰው ርቀት ሲጠየቅ በሰዓት የሚመልሰው ኪሎ ሜትር ስለማያውቅ አይደለም፤ ቁልቁለቱንና አቀበቱን አብሮ ስለሚቆጥር ነው። እርሱን ሳይጠይቁ ወደ ወንጪት መውረድ ድፍረት አይባልም።

የወረቀት ካርታ ለሚጠቀሙም አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። የቀድሞው የኢትዮጵያ ካርታ ሥራ ኤጀንሲ ያሳተማቸው የ1፡50,000 ካርታዎች የተመሠረቱት አዲንዳን በሚባል የልኬት መነሻ ላይ ነው፤ ጂፒኤስ የሚጠቀመው ግን ሌላ ነው። ከአንዱ የተነበበን ቁጥር ሳያስተካክሉ ወደ ሌላው ማስገባት ከ100 ሜትር በላይ ያሳስታል። በሜዳ ላይ ይህ ላያስጨንቅ ይችላል። በመንዝ አፋፍ ላይ ግን 100 ሜትር ማለት ገደል ነው።

እንደ ሕግ ሰው ይበልጥ የሚያሳስበኝ የመሬት ልኬት ነው። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456 ይዞታዎች በባህላዊና በዘመናዊ መሣሪያዎች እንዲለኩ፣ ወሰናቸውን የሚያሳይ ካርታም እንዲሰጥ ደንግጎ ነበር። አዋጁ በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1324 ተተክቷል። ገመድና ሳተላይት በአንድ ማሳ ላይ ሲገናኙ የሚነሳው ጥያቄ ግን አልተተካም።

ገመድ የሚለካው ተዳፋቱን ተከትሎ ነው፤ ካርታ ደግሞ መሬቱን ከላይ እንደሚታይ አድርጎ ጠፍጣፋ ያደርገዋል። በ30 ዲግሪ ተዳፋት ላይ በገመድ 100 ሜትር የሆነ ማሳ በካርታ 87 ሜትር ገደማ ይሆናል። ገበሬው «መሬቴ ጎደለ» ቢል አልዋሸም፤ ቀያሹም አልሰረቀውም። በዚህ ላይ የእጅ ጂፒኤስ ስህተት ይጨመራል። 10 ሜትር ስፋትና 100 ሜትር ርዝመት ያለው የእርከን ማሳ አንዱ ጎኑ በ3 ሜትር ቢዛነፍ 300 ካሬ ሜትር ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። ይህ ከማሳው ሲሶ ሊደርስ ምንም አይቀረውም። ሴንቲ ሜትር ድረስ የሚለዩ የቅየሳ መሣሪያዎች አሉ፤ የኪስ ስልክ ግን ከእነርሱ አይደለም።

ስለዚህ የወሰን ክርክር የቀረበለት ዳኛ ወይም የቀበሌ ኮሚቴ በስልክ የተወሰደን ቁጥር ከማመኑ በፊት ሦስት ነገር ሊጠይቅ ይገባል ባይ ነኝ። በምን መሣሪያ ተለካ? የስህተቱ መጠን ስንት ነው? አዋሳኞቹስ በተገኙበት ነው ወይ የተለካው? ቁጥሩ ከወሰን ድንጋዩና ከአዋሳኞቹ ቃል ጋር ሲጋጭ ደግሞ መመርመር ያለበት አስቀድሞ ቁጥሩ ነው። ድንጋዩ ትናንት ማታ ተነቅሎ ካልሆነ በቀር፣ ጎረቤታሞቹ ለዓመታት አብረው ያረሱት በእርሱ ተስማምተው ነው።